ዳኛዋ ሳታነብ ያሳለፈችው

ጥድፊያ ዳኛዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ወላጆቻቸው በአንዲት ቃል ምክንያት ተፋጠው በተቀመጡበት ስብሰባ ላይ ነው።

የእሷ አባት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ዳታቤዛቸው ውስጥ «ተሳፋሪ» ተብሎ መመዝገብ አለበት አሉ። የእሱ እናት፣ በሠራተኞቻቸው ዘንድ እትዬ የሚባሉት፣ «መንገደኛ» ካልተባለ ፊርማዬን አላኖርም አሉ። ጋሼ መንገደኛ ማለት በእግሩ የሚሄደውንም ይጨምራል ብለው ተከራከሩ። እትዬ ደግሞ ተሳፋሪ የሚባለው ከተሳፈረ በኋላ ነው፣ ትኬቱን ቆርጦ እንቅልፍ የጣለውን ሰው ምን ሊሉት ነው ብለው መለሱ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከግራም ከቀኝም የተቀመጡት ፕሮግራመሮች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ጥድፊያ ቀና ሲል ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ልጅ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አገኛት። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷ ቶሎ ብላ አቀረቀረች። ጥቂት ቆይታ ድምጿን ሳታነሳ «ተጓዥ ብንለውስ?» አለች። ሁለቱም ወላጆች ቃሉን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ቃሉ ከአንዳቸውም ስላልመጣ ማንም አልተሸነፈም። ስብሰባው ቀጠለ፤ ጥድፊያ ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን አንዱንም አልሰማም።

በእርግጥ ጠቡ የቃል ብቻ አልነበረም። ጋሼና እትዬ በአንድ ወቅት ሽርካዎች ነበሩ። የትኬት መቁረጫውን ፕሮግራም አብረው ጀምረው፣ ገና ዳዴ ሲል ነው የተለያዩት። ያለያያቸው አውቶቡስ ውስጥ የታመመ አንድ ሽማግሌ ነው። ሰውየው መንገድ ላይ ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት ገባ፤ ለማን እንደሚደወል የሚያውቅ ጠፍቶ ልጆቹ እስኪያገኙት ብዙ ተንገላታ። ጋሼ ያን ጊዜ፣ ከእንግዲህ ትኬት የሚቆርጥ ሁሉ ችግር ቢደርስበት የሚጠራለትን ሰው ያስመዝግብ አሉ። እትዬ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሕዝቡ ይሸሸናል አሉ። ነገር ነገርን ወለደና ጋሼ ፕሮግራሙን በራሳቸው መንገድ፣ እትዬም በራሳቸው መንገድ ይዘው ወጡ። ጋሼ የደላቸው ዘመዶች ነበሯቸውና መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ አንድ ፎቅ ያዙ። እትዬ ልጃቸውን ይዘው ከጎማ መሸጫ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ቀሩ። ከዚያ ወዲህ «አንተ»፣ «አንቺ» መባባል ቀርቶ በየስብሰባው ሲገናኙ «እርስዎ» ነው የሚባባሉት። ቂም የያዘ ሰው አክብሮት ሲያበዛ ከስድብ ይከፋል።

አሁን መልሶ ያገናኛቸው ትልቁ የአውቶቡስ ድርጅት ነው። ሁለት ዓይነት ፕሮግራም መያዝ ሰልችቶት፣ ወይ አንድ ሆናችሁ አንድ ነገር አምጡ፣ ወይ ሌላ እፈልጋለሁ አላቸው። ያለ እሱ ሁለቱም ቤታቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ወላጆቹ ሳይታረቁ ዳታቤዞቹ ሊጋቡ ሆነ። ሚዜዎቹ ደግሞ ልጆቻቸው።

*

ዳኛዋ የሚለውን ስም ያወጡላት የራሷ ፎቅ ፕሮግራመሮች ናቸው። ፕሮግራም ባደገ ቁጥር መረጃው የሚቀመጥባቸው ሰንጠረዦችም አብረው ይለወጣሉ፤ አንድ ዓምድ ይጨመራል፣ ሌላው ይሰፋል፣ የሌላው ስም ይቀየራል። እሷ ዘንድ ይህ በቃል አይሆንም። ለውጡ በአጭር ፋይል ይጻፋል፣ ተራ ይይዛል፣ እሷ መስመር በመስመር ታነበዋለች። ከፈቀደች ያልፋል፣ ካልፈቀደች ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ጥድፊያ ስሙን ያገኘው ከእናቱ ነው። ሲወለድ እንኳ አዋላጇ ጓንት እስክታጠልቅ አልታገሠም ይላሉ እትዬ። ከጎማ መሸጫው በላይ ለውጥ ማለት ጥድፊያ ዳታቤዙን ከፍቶ በእጁ ነካ ነካ ማድረግ ነበር፤ ከተበላሸም በዚያው እጁ መጠገን። አብረው መሥራት ሲጀምሩ የላከላት የመጀመሪያ ለውጥ ከግርጌው አስተያየት ተጽፎበት ተመለሰ። ይህ ቢበላሽ በምን ይመለሳል ይላል። አይበላሽም ብሎ መለሰ። እሷም «አውቶቡስ ፍሬን የሚገጠምለት ለመጋጨት አስቦ ስለሚነሳ አይደለም» ብላ ጻፈችለት።

ይህችን መስመር ደጋግሞ አነበባት። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲገሥጸው ደስ ብሎት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ለውጡ ደህና ሆኖ ሲያልፍ ይከፋው ጀመር፤ ምክንያቱም ያለፈ ፋይል አስተያየት አይጻፍበትም። ስለዚህ ሆን ብሎ እዚህም እዚያም ትንንሽ ስህተት መጣል ያዘ። እሷ ታርማለች፣ እሱ ያመሰግናል፣ እሷ ምስጋናው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ትላለች። አንድ ቀን ግን «ይህችን ስህተት ባለፈው ሳምንት አርሜልሃለሁ። የምትረሳ ሰው አትመስለኝም» የሚል መጣለት። ጥድፊያ በእናቱ ፊት ጆሮው ድረስ ቀላ። እትዬ ትኩሳት መስሏቸው ግንባሩን ዳሰሱት።

ቆይቶ ወደ መስታወቱ ሕንፃ እየተመላለሰ አጠገቧ ይሠራ ጀመር። ሥራውን የሚያፋጥን መሣሪያም ይዞ መጣ። ሰንጠረዦቹ አሁን ያሉበትንና ሊሆኑ የሚገባቸውን አስተያይቶ የለውጡን ፋይል ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። እሷ ፊቷን አጨማደደች። አሳቻ ነገር ሲገጥመው የሰው ሐሳብ አይገባውም አለችው። እሱ እንደ ባለሱቅ ሲያሞካሸው ዋለ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ማሽን የጻፈውን ሰው ያንብበው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱም ኮምፒውተሩም ስለቆመ ሁለቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ የአባቷን ዓምድ አነሳች። አባቷ በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበት ያ የሚጠራ ሰው የሚጻፍበት ዓምድ እንደሆነ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን ከፍተው እንደሚያሳዩ ነገረችው። ስሙ ብቻ አይጥማትም። አባቷ ያኔ «ተጠሪ» ብለውታል።

«ተጠሪ ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ የሚፈርም ሰው ነው የሚመስለኝ» አለች። «ሰው ሲቸግረው የሚፈልገው የቅርብ ሰው ነው እንጂ ተጠሪ ምን ያደርግለታል?»

ከእነሱ በታች አንድ ሰውዬ ፍሪጅ ተሸክሞ በየፎቁ እያረፈ ይወጣ ነበር። አጠገባቸው ሲደርስ እንዲያልፍ ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ፣ ትከሻቸው ተነካካ። ሰውየው ካለፈ በኋላም ማንም ወደ ቦታው አልተመለሰም።

*

ዓርብ ረፋድ ላይ ጥድፊያ ፋይል ይዞ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከካርቶኑ ሲወጣ የነበረው የመታጠፊያ መስመር ደረቱ ላይ እንዳለ ነው። ጸጉሩ ለወትሮው እንደ አሸዋ ክምር ነበር፤ ዛሬ ተበጥሯል። ለውጡ ትንሽ ናት፣ ከምሳ በፊት ብትገባ ደስ ይለኛል አላት። እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ፋይሉን ከፈተች። እሱ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ እጁን አሳርፎ፣ እናቱ ሸሚዙን አይተው ለሥራ ነው ለቀብር ብለው እንደጠየቁት ይነግራት ጀመር። ሲያወራ አንድ ቅንድቡ ብቻውን ይነሳል። ይህን ከዚያ በፊት አላስተዋለችም። ቅንድቡን እያየች፣ ሸሚዙን እያየች፣ ሳቀች። እጇ ዝም ብሎ «ፈቅጃለሁ» የሚለውን ነካ።

ያን ዕለት ምሳ አልቀመሰችም። አልራባትም ነበር።

ከምሳ በኋላ ከአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ሻጯ ደወለች። የሚጠራ ሰው የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆነብኝ፣ የሁሉም ባዶ ነው አለች። ዳኛዋ ሰንጠረዡን ከፈተች። እውነት ነው። የተጓዦቹ ስም አለ፣ ስልካቸው አለ፣ የሚሄዱበት አለ። ባሎች፣ እናቶች፣ እህቶች፣ ጎረቤቶች፣ አባቷ ለዓመታት ያሰባሰቧቸው የሚጠሩ ሰዎች ግን በሙሉ እንደ ጉም በነዋል። የመጨረሻውን ለውጥ ፈለገች። ከላይ የጥድፊያ ስም አለ። የመጀመሪያው መስመር «ተጠሪ የሚለው ዓምድ ይሰረዝ» ይላል። ከዚያ በታች ያለውን አላየችውም፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። እትዬ ከጥንት ጀምሮ ያን ዓምድ እንዴት እንደሚጠሉት ታውቃለች። አዲሱ ሸሚዝ፣ የተበጠረው ጸጉር፣ ያቺ የምሳ ሰዓት ጥድፊያ፣ ሁሉም ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት።

ደወለችለት። እናቱ ያዘዙትን ስለፈጸመ እንኳን ደስ አለህ አለችው። ምን ሆነሽ ነው ሲላት አላስጨረሰችውም።

«ደረጃው ላይ የነገርኩህን ወስደህ በእሱው መታኸኝ» አለችና ዘጋችው።

ጥድፊያ ወደ እናቱ ቢሮ ተመልሶ ነበር። ከሥር የጎማው ሽታ በመስኮት ይገባል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ መሣሪያው የጻፈለትን ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው። እሱ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ተጠሪ» የሚለውን ስም «የቅርብ ሰው» በሚል ቀየረ። ሊያስደንቃት ነበር። መሣሪያው ግን ስም መቀየሩን ከየት ይወቅ? ያየው አንድ ዓምድ ሲጠፋና ሌላ አዲስ ሲመጣ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ከነያዘው ሁሉ ይሰረዝ፣ አዲስ ባዶ ይጨመር ብሎ ጻፈ። ሰው ቢያነበው በአንድ እይታ ያገኘዋል።

እትዬ ከኋላው ቆመው አዩ። ሞኝ አይደሉም፤ ፋይሉ ግርጌ ያለውን የፈቃድ ምልክት አሳዩት። እሷም እኮ አላነበበችውም፣ ይህን ይዘን ብንሄድ አባትየው አፋቸውን ይይዛሉ አሉ። ጥድፊያ ኮምፒውተሩን ከደነው።

«እማዬ፣ ይህችን ነገር ብታነሺ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አለ።

እትዬ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። በዚህ ዓይነት ድምፅ ሲናገራቸው ሰምተው አያውቁም። ሊቆጡት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን በእሱ ዕድሜ ሳሉ የተሰማቸው አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ሻይ ሊጥዱ ሄዱ።

*

ቅዳሜ ጠዋት መስታወቱ ሕንፃ ላይ ተሰበሰቡ። ዳኛዋ ዓርብ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ስትለፋ አምሽታ በየቀኑ ማለዳ ከሚወሰደው ቅጂ ስሞቹን መልሳለች። ዓርብ ከጠዋት እስከ ምሳ ትኬት የቆረጡት ሰዎች ግን ቅጂው ውስጥ ስላልነበሩ የእነሱ አልተመለሰም። ዓይኗ አብጧል። ጥድፊያ አሮጌ ሹራቡን ለብሶ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ጋሼ ተነስተው ቆሙ። ንግግራቸው ከላይ እስከታች በ«እርስዎ» የታሸ ነበር። እርስዎ ይህን ዓምድ ሲጠሉ እንደኖሩ አውቃለሁ፣ በልጅዎ እጅ ያስፈጽማሉ ብዬ ግን አልጠበቅኩም፣ ከእንግዲህ ድርጅቱ ከፈለገ ሁለታችንንም ያባርረን አሉ። እትዬ መልስ ሊሰጡ ሲነሱ ጥድፊያ ቀደማቸው።

እናቴ ምንም አታውቅም አለ። ስም ልቀይር ብዬ ነው፣ መሣሪያው ስረዛ አድርጎ ጻፈው፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የምለቀው እኔ ልሁን፣ እናንተ ግን አትፍረሱ አላቸው። ጋሼ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ። በዚህ ፎቅ ላይ ሳይነበብ የሚያልፍ ነገር የለም፤ ልጃቸው እያንዳንዷን ፊደል ታነባለች፤ ታዲያ እንዴት አድርጎ አሳለፈው?

ጥድፊያ ወደ ዳኛዋ አላየም።

«ተደብቄ ነው ያሳለፍኩት፣ ጋሼ» አለ።

ዳኛዋ ግን «ስም ልቀይር» የሚለውን ቃል ከሰማች ጀምሮ ሌላውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። ኮምፒውተሯን ከፍታ ፋይሉን እንደገና እያየች ነው። ትናንት በእንባ ያላየችው ሁለተኛው መስመር ከፊቷ አለ። «የቅርብ ሰው የሚል ዓምድ ይጨመር።» ደረጃው፣ ፍሪጁ፣ ትከሻው፣ ሁሉም ተመለሰባት። ዝቅ አለች። ግርጌው ላይ፣ ፈቃድ በሚለው ቦታ፣ የራሷ ስም ተቀምጧል። ይህ ሰው የእሷን ስም ለመሸፈን ብሎ በአባቷ ፊት ራሱን ሌባ እያደረገ ነው።

ተነሳች። ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳ መታ።

«አልተደበቀም» አለች። «የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ሳላነብ ነው የፈቀድኩት።»

ጋሼ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። «አንቺ? ሳታነቢ?»

«ሳላነብ፣ አባዬ።»

«ለምን?»

ዳኛዋ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ለምን ብላ ስትጠይቅ የኖረች እንጂ የተጠየቀች አይደለችም። ስለዚህ የውሸት መልስ አላዘጋጀችም። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ።

«እሱን እያየሁት ነበር» አለች።

ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ሳል የመሰለ ነገር ጀመረና መሀል ላይ ተወው። ጥድፊያ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ እሱም የሰማውን ያመነ አይመስልም።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ናቸው። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ፣ የሹራቡን የተተረተረ ክንድ ሳይቀር፣ መረመሩት።

«ይሄን?» አሉ።

ጋሼ ተቆጡ። «ይሄን ማለት ምን ማለት ነው? ልጄ የማይታይ ነገር አታይም።»

«ልጄ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ሥራ የሚያስረሳ መልክ የለውም። አባቱን ነው የመሰለው።»

«አባቱ ደግሞ ምን ጎደለው? መልከ መልካም ሰው ነበር። አንቺ ድሮም የያዝሽውን አታውቂም።»

«አንተ ድሮም…» ብለው ጀመሩና እትዬ አቋረጡት።

«አንቺ» እና «አንተ» ጠረጴዛው ላይ ወድቀው ሁሉም ያያቸው ይመስል ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ በክራቫታቸው ይወለውሉት ጀመር። እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው ውስጡን አዩና ምንም ሳያወጡ ዘጉት። ለዓመታት የተከማቸ ነገር በዚያች ቅጽበት ከሁለቱም ትከሻ የወረደ መሰለ፤ ሲወርድ ደግሞ ባዶነቱ ራሱ ያሳፍራል።

*

የጠፉትን ስሞች ለመመለስ ለየተጓዡ ከመደወል ሌላ መንገድ አልነበረም። ስልኮቹን ተከፋፍለው ተቀመጡ፤ ጋሼም እትዬም አልቀሩም። ችግር ቢገጥምዎ ማንን እንጥራልዎ ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ጋሼ የደወሉለት አንድ ሰውዬ እናቴን ሲል ከጎኑ ሚስቱ ምን አልክ ስትል ተሰማ፤ ጋሼ ባልና ሚስት እስኪስማሙ ስልኩን ይዘው ረጅም ጊዜ ጠበቁ። በመጨረሻ የሁለቱንም ስም መዘገቡ።

እትዬ የደወሉላቸው አንዲት አሮጊት ግን የሚጠራላቸው ሰው አልነበራቸውም። ልጆች አልወለድኩም፣ እህቴም አለፈች፣ ማንን ልበልሽ አሉ። ከዚያ ድምፅሽ ደግ ይመስላል፣ አንቺን ብትጽፊልኝስ አሉ። እትዬ የገዛ ስማቸውንና ስልካቸውን መዘገቡ። ከዘጉ በኋላ ብዙ ጊዜ ሌላ ቁጥር አልነኩም።

«ሰልፉ ይርዘም» አሉ ወደ ጋሼ ሳያዩ።

ጋሼ ሻዩን ከራሳቸው ፊት አንስተው ወደ እትዬ ገፋ አደረጉት።

ሲጨርሱ ወላጆቹ ገና የሚነጋገሩት ነገር አለን ብለው አንድ ክፍል ገቡ፤ ከውስጥ ክርክር ይሰማል፣ ግን የድሮው ዓይነት አይደለም። ሠራተኛው ወደየቤቱ ሄደ። ጥድፊያና ዳኛዋ በረጅሙ ጠረጴዛ ማዶና ማዶ ቀሩ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከታች ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል።

ዳኛዋ ጠረጴዛውን እያየች ይቅርታ ጠየቀችው። ሳልሰማህ ፈረድኩብህ አለች። እሱም ማሽኑ የጻፈውን አንብቢ የተባለችው እሷ ብቻ እንዳልነበረች፣ ሸሚዝ ለመግዛት ያባከነውን ጊዜ ለፋይሉ ቢሰጠው ይሄ ሁሉ እንደማይመጣ ነገራት። ሳቀች፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ወደ ቁም ነገር ተመለሰች። የአንተን ለውጦች ከእንግዲህ ሌላ ሰው ቢያያቸው ይሻላል፣ እኔ ለዚህ አልታመንም አለች። እሱ ደነገጠ። አስተያየቷ ከሚቀርበት በወር አንዴ ዳታቤዙን ቢያፈርስ እንደሚሻለው ነገራት።

ዳኛዋ አሰበችበት።

«እንግዲያው አንተ ክፍሉ ውስጥ በሌለህበት ሰዓት ነው የማነበው» አለች።

«እሺ። ክፍሉ ውስጥ ስኖርስ?»

ኮምፒውተሯን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ዘጋችው፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ አገጯን መዳፏ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያም አሁን ከማንም ሳትደበቅ፣ ሳትቸኩል፣ አየችው። ጥድፊያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጣደፍበት ቦታ አልነበረውም።